በስምንት ሲባዛ

በቀደም ቤይሩት፣ ዶራ ሰፈር፣ ቫኖቹ ከሚቆሙበት ጀርባ ወዳለችው ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመችው ልጅ በክርኗ አንድ ጠርሙስ ገፍታ ጣለች። ማዛህር ነበር፤ ሊባኖሶች ጣፋጭ ላይ ጠብ የሚያደርጉት የብርቱካን አበባ ውሃ። ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተፈረካከሰና ሱቁን በሙሉ አወደው። ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች "አቤት መዓዛ!" እያሉ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ባለሱቁ እንኳ ቁጣውን ረስቶ "ኸላስ፣ ተይው" አላት። እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ። ማንም ምንም ሳይለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው መሃል ቆሜ እፍረት ወረረኝ። በርበሬውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ማዛህር ለእኔ የኡስታዝ ሳሎን ነው። ኡስታዝ የምላቸው፣ ሐምራ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ እማ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸውን ታጸዳለች። ቡና ሐኪም ስለከለከላቸው የፈላ ውሃ ላይ ማዛህር ጠብ እያደረጉ "ነጭ ቡና" ብለው ይጠጣሉ። ነጭ ቡና የሚባል ተክል ያለ እየመሰለኝ፣ ፍሬው እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ዛፍ በሐሳቤ ተክዬ ስንት ጊዜ ኖሬያለሁ። እዚያ ሳሎን ውስጥ ብዙ ነገር እንዲህ አጣምሜ ነው የተረዳሁት።

የቤይሩት ወደብ ገና አልፈነዳም ነበር፤ ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፣ ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም። የተወለድኩት እዚሁ ቤይሩት ነው። ስለ አባቴ የሚጠይቅ ሰው በቤታችን አልነበረም፤ ስለ ልደት ወረቀቴም እንዲሁ። እማ፣ ዘይነባ ትባላለች፣ ከወሎ ከሐይቅ የመጣች ናት፤ የመጀመሪያ አሠሪዎቿን ቤት ጥላ ከወጣች ወዲህ በየቀኑ የተለያየ ቤት እየዞረች ታጸዳለች። መኖሪያ ፈቃድ የላትም። አብረውን ከሚኖሩት ሴቶችም አንዷም አልነበራትም።

የምንኖረው ዶራ አካባቢ፣ ከመኪና ጋራዥ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አምስት ሴቶችና እኔ። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ ፍራሾቻችን ከመስኮቱ እስከ በሩ በተርታ ይነጠፋሉ። መስኮቱ ሥር የተኛች ነፋስ ታገኛለች። በሩ ጋ የተኛች የመጸዳጃ ቤቱን ሽታና የሁሉንም ወጪ ገቢ ትችላለች። በበጋው ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለቴ ተጣልተውበታል። በኋላ ሕግ አወጡ። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር የሰነበተችው ፍራሿን ጠቅልላ ወደ በሩ ትወርዳለች፤ ሌሎቻችን አንድ አንድ ቦታ ወደ መስኮቱ እንጠጋለን።

"ያላ ተነሺ፣ መስኮቱን አገባሽው እንዴ!" ትላለች ፎዚያ፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ፤ ደሴ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ ከሁላችንም የተማረች እሷ ናት።

ቦታው ይዞራል እንጂ ተርታው አይፈርስም። ከማን ቀጥላ ማን እንደምትተኛ የታወቀ ነው። ከእኔ ቀጥላ ፎዚያ ናት፤ ከእኔ ፊት ደግሞ ሁልጊዜ እማ። እኔ መስኮቱ ሥር የምደርስበት ሳምንት ብቻ ዙሩ እማን በሩ ጋ ይጥላትና በመካከላችን አራት ሴቶች ይተኛሉ። ሁሉም "አንቺ ዕድለኛ" እያሉ ይቀኑብኛል፤ እኔ ግን ያን ሳምንት አልወደውም ነበር።

ቅዳሜ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ እማ ኡስታዝ ቤት ይዛኝ ትሄዳለች። ደረጃው ላይ ቆም ብላ ፀጉሬን እያስተካከለች ያንኑ ምክር ትደግምልኛለች።

"ምንም ነገር አትንኪ። ስትጠሪ ቶሎ አቤት በይ። የሰው ቤት 'አላውቅም' አይባልም፣ ሰማሽ? ሃዲር ነው የሚባለው።"

ሃዲር በዓረብኛ እሺ፣ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። እማ እዚህ አገር ስትመጣ የያዘችው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር። ማዳሟ የምትላት አንድም ነገር ሳይገባት ሃዲር ትልና ወደ ወጥ ቤት ትሮጣለች፤ ያገኘችውን ይዛ ትመለሳለች። ማንኪያ ስትባል መጥረጊያ፣ ፎጣ ስትባል ድንች። ክፍላችን ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው፤ እሑድ ሲሰበሰቡ አንዷ ታወራለች ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። "ተሳስተሽ ብታመጪ ይስቁብሻል፤ ዝም ብለሽ ከቆምሽ ግን ያባርሩሻል" ትላለች እማ ሳቁ ሲያልቅ። እኔም እየሳቅኩ ተማርኩት።

አንድ ቅዳሜ የኡስታዝን መጻሕፍት ስነካካ ያዙኝ። ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም። አጠገባቸው አስቀምጠው በእርሳስ አንድ ቁጥር ጻፉልኝ፤ 142857።

"ይህ ቁጥር ጨዋ ቁጥር ነው፣ ያ ቢንቲ" አሉኝ። ያ ቢንቲ ልጄ ማለታቸው ነው። "ብታባዢው አይበተንም። እይ፣ በሦስት ላባዛው።" ከሥሩ 428571 ብለው ጻፉ። "ምን ታያለሽ?"

አየሁና ጮህኩ። "እሑድ ሆነ!"

"ምን?"

"አንዷ ከመስኮቱ ወደ በሩ ሄደች! ሌሎቹ ተጠጉ!"

አልገባቸውም። ስለ ፍራሾቹ አስረዳኋቸው፤ እየተንተባተብኩ፣ በእጄ እያሳየሁ። ኡስታዝ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ በሁለት አባዙት፣ በአራት፣ በአምስት፣ በስድስት። 285714። 571428። 714285። 857142። ሁልጊዜ እነዚያው ስድስቱ፣ ሁልጊዜ በዚያው ተርታ፤ የሚለየው ማን መስኮቱ ሥር እንዳለች ብቻ ነው። እማ ስለ እኛ አውርታላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ለእኛ ብለው የሠሩት ቁጥር መስሎኝ ነበር። ቤት ስገባ ለሁሉም ቁጥር አደልኩ። እኔ ትንሿ ስለሆንኩ አንድ ነኝ። ፎዚያ አራት። ሁለቱ የጅማ እህትማማቾች ሁለትና ስምንት፣ ስትተኛ የምታንጎራጉረው ሴትዮ አምስት። እማ ሰባት። በተርታችን ልክ ነው የመጣው፤ ከሰባት ቀጥሎ ዞሮ አንድ።

ኡስታዝ ዘዴውንም አስተማሩኝ። በየትኛውም ቁጥር አባዢው ሲሉኝ ሰባትን ብቻ አባዛለሁ። በሁለት ከሆነ ሰባት ጊዜ ሁለት አሥራ አራት፤ የመጨረሻዋ አራት ናት፤ በሩ ጋ ፎዚያ ተኝታለች ማለት ነው። ፎዚያ በሩ ጋ ከሆነች መስኮቱ ሥር ከእሷ ቀጥላ ያለችው ናት፤ ከዚያ ተርታውን መጥራት ነው። ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራት። ዓይኔን ጨፍኜ ክፍላችንን አያለሁ፤ አፌ ይቆጥራል።

የማልወደው ሰባትን ነበር። በሰባት ሲባዛ 999999 ይሆናል። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ማን ማን እንደሆነች የማይታወቅ። ኮርኒሽ፣ የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ፣ ሠራተኞች ሮዝ ዩኒፎርም ለብሰው የማዳሞቻቸውን ውሾች ይዘው ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር በሆዴ "ሰባት ደረሱ" እላለሁ። እማም አንድ ጊዜ እንደዚያ ለብሳ እንደነበር ፎዚያ ነግራኛለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የኡስታዝ ወዳጆች ይመጣሉ፤ ሦስት አራት ሽማግሌዎችና አንዳንዴ ሚስቶቻቸው። እማ ነጭ ቡናውን ታቀርባለች። ኡስታዝም "ሐያት፣ ነይ እስቲ" ብለው ይጠሩኛል። ምንጣፉ መሃል እቆማለሁ። "በስንት?" ይላሉ ኡስታዝ። "በአምስት!" ይላል አንዱ እንግዳ፤ ወዲያው እመልሳለሁ። "በሁለት!" እመልሳለሁ። የመጨረሻው ሁልጊዜ ሰባት ነው፤ ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ዘጠኝ ስል ያጨበጭባሉ፤ ቸኮሌት እጄ ላይ ይደረግልኛል። "ብራቮ! ሹፉ፣ ሹፉ፣ የሠራተኛዋ ልጅ!" ይላሉ ሴቶቹ። እዩ እዩ ማለታቸው ነው።

እኔ አድናቆት ነበር የመሰለኝ። እነዚያ ሰዎች እኔን ለማየት ደረጃ የሚወጡ፣ እኔ ባልኖር ኡስታዝን ከነመኖራቸው የሚረሷቸው ይመስለኝ ነበር። እማ ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ የወጥ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ ትላለች። ለምን እንደነሱ እንደማታጨበጭብ ይገርመኝ ነበር። ቅናት ነው ብዬ እንኳ አስቤ አውቃለሁ። አሁን ያን ሳስበው ጉንጬ ይለበልበኛል፤ "የሠራተኛዋ ልጅ" የሚሉት ድመት ሰላምታ ስትሰጥ እንደሚገረሙት ነበር፣ እኔም ለዚያ እጅ እነሳ ነበር። እማ ግን ከመጀመሪያው ቀን ገብቷታል።

መስከረም ላይ ኡስታዝ እማን ወጥ ቤት ድረስ መጥተው አነጋገሯት። የድሮ ተማሪያቸው የነበረች አንዲት ሴት ሲን ኤል ፊል በሚባል ሰፈር የትንሽ ትምህርት ቤት ሙዲራ፣ ርዕሰ መምህር፣ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለች። ልጅቷን ታያታለች፤ ከወደደቻት ትወስዳታለች። እማ እጇ ላይ የነበረውን ስፖንጅ ጨምቃ ጨምቃ አደረቀችው።

"ሚስተር፣ በእውነት?" አለች። እሷ ሚስተር ነው የምትላቸው።

"እኔ እነግራታለሁ፤ ግን ልጅቷ ራሷ ታሳያት።"

ያን ሳምንት ቤታችን ሰርግ ሆነ። የጅማ እህትማማቾች ሹሩባ ሠሩኝ፤ ፎዚያ ቀሚስ አጠበበችልኝ። እማ ማታ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ "በአራት!" ትለኛለች፤ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ቶሎ መውጣቱን ብቻ ነው የምታዳምጠው። እኔ ከመጣሁ ወዲህ፣ ማለቴ ከተወለድኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው፤ እኔ የሰው ወለል እንዳልወለውል። ይህን ለእኔ ብላኝ አታውቅም፤ ለፎዚያ ስትላት ሰምቼ ነው።

ሙዲራዋ አጭር ፀጉር ያላት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ምንጣፉ መሃል ቆምኩ። በሁለት፣ በሦስት፣ በስድስት፣ ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጣሁት። ሰባት ላይ ሌሎቹ አጨበጨቡ፤ እሷ አላጨበጨበችም። ጋዜጣ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገችና ቀና አለች።

"ስምንትስ?"

ስምንትን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ኡስታዝ ኩባያቸውን ወደ አፋቸው እያስጠጉ ቀሩ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ክፍላችን ገባሁ። ሰባት ጊዜ ስምንት አምሳ ስድስት። የመጨረሻዋ ስድስት ናት። በሩ ጋ ስድስት መተኛት አለባት። ፍራሾቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ስድስት የምትባል ሴት ክፍላችን ውስጥ የለችም። ደግሜ አየሁ፣ የለችም። ዓይኔን ስገልጥ እማ በሩ ላይ ናት፤ አገጯን ወደ ፊት ነቀነቀችልኝ። ቶሎ በይ ማለቷ ነው። ዝም ካልሽ ያባርሩሻል።

"ስምንት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት!" አልኩ፣ ከሁሉም በላቀ ድምፅ።

ሙዲራዋ ጋዜጣውን አየች። "እሱን ለስድስት ብለሽው ነበር" አለች።

ሳቁ ከዳር ተነሳ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የለመድኩት ሳቅ ነው፣ ያኔ ግን ከምን እንደሚመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ከሱ የባሰው የእማ ነው። ትሪዋን እንደያዘች ወደ መሃል መጣች፣ ጎንበስ አለች። "ፓርዶን ማዳም፣ ፓርዶን ሚስተር፣ አሁን ታስተካክለዋለች፣ ፓርዶን" እያለች። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ብርጭቆ ከእጇ ሲወድቅ የምታወጣው ድምፅ ነው። ዓይኗ ሳይቀር ወለሉ ላይ ስብርባሪ ይፈልግ ነበር። የተሰበርኩት እኔ ነኝ።

ሙዲራዋ ኩባያዋን ጨርሳ ሄደች።

ወደ ዶራ በምንመለስበት ቫን ውስጥ እማ የሁለታችንን ሒሳብ ከፈለች። ከዚያ "ትክክሉ ስንት ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ካላወቅሽ ለምን አላውቅም አላልሽም?"

"አንቺ ነሻ! የሰው ቤት አይባልም ያልሽኝ አንቺ ነሽ!"

ተሳፋሪዎቹ ዞረው አዩን። እማ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እያገላበጠች ቆየችና፣ ልንወርድ ስንል "ትክክሉን ፈልጊው። ሰኞ ሄደን እንነግራታለን" አለች።

በማግስቱ እሑድ ነው። ቦታ ቀየርን፤ እማ መስኮቱ ሥር ደረሰች፣ ፎዚያ ከእኔ ቀጥላ እንደ ሁልጊዜው። የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ወለሉ ላይ ተደፋሁ። ያን ትልቅ ቁጥር በስምንት ማባዛት አልችልም፤ ግን ሰባት ጊዜ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ያንኑ አንድ ጊዜ ብጨምርበት ስምንት ጊዜ አይሆንም? ፎዚያን ጠየቅኳት። ፎዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ "ይሆናል እንጂ፣ ወላሂ ይሆናል!" አለች። 999999 ጻፍኩ፣ ከሥሩ 142857። መደመር ያስተማረችኝ እሷ ናት። "ዘጠኝና ሰባት አሥራ ስድስት፤ ስድስትን ጻፊ፣ አንድ በእጅ" እያለች ከጎኔ ተጋደመች። ሲያልቅ 1142856 ወጣ። ስድስት መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላለች። እኔ መልሱን በማግኘቴ ክፍሉን በጭፈራ ዞርኩት፤ የሆነውን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ሰኞ እማ የዚያን ቀን ማዳሟን አሞኛል አለቻት። የኢድ ቀሚሷን ለበሰች፤ ጫማ ግን ያው የሥራው ነበር፣ የበረኪና ነጠብጣብ ያለበት። ሲን ኤል ፊል ስንደርስ መንገድ ላይ ወታደሮች ቆመው ስለነበር በጀርባ በኩል ዞረን ሄድን። በረኛው ሲያስገባን እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ቢሮው ውስጥም ከትከሻዬ አልወረደም።

"አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አምሳ ስድስት" አልኩ፣ ሰላም ሳልል።

ሙዲራዋ መነጽሯን አደረገች። "ማን ሠራልሽ?"

"ዘጠኞቹ ላይ አንድ ጊዜ ጨመርኩበት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ቅዳሜ ታዲያ ለምን አላውቅም አላልሽኝም?"

"የሰው ቤት አይባልም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ፈታ አለ። "እዚህ ግን ይባላል፣ ሐያት። ቅዳሜ ስትስቺ አልከፋኝም፤ ሳታስቢ ስትመልሺ ነው የከፋኝ። እዚህ የሚመጣው የማያውቅ ልጅ ነው።" ከዚያ ወደ እማ ዞረች። "ወረቀቶቿን ይዘሻል? የልደት ወረቀት፣ ያንቺን ኢቃማ?" ኢቃማ መኖሪያ ፈቃድ ነው።

"ሃዲር ማዳም" አለች እማ።

"አሁን አለሽ?"

"አመጣለሁ ማዳም።"

"መቼ?"

"ነገ ማዳም። ሃዲር። ነገ።"

ነገ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ማንኪያ ስትባል መጥረጊያ ልታመጣ ነው። ነገ አትመጣም፣ ከነገ ወዲያም፤ ሙዲራዋ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትረሳናለች። ደግሞ ይህች ሴትዮ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እዚህ አላውቅም ይባላል ብላኛለች። አላውቅም የሚባል ከሆነ የለንምም ይባላል ብዬ አሰብኩ።

"ማ ዒንና፣ ማዳም" አልኩ። "የለንም። እሷ ኢቃማ የላትም። እኔም ምንም ወረቀት የለኝም።"

እማ እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። እጇ የነበረበት ቦታ እንዴት እንደቀዘቀዘ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ሙዲራዋ ተነስታ በሩን ዘጋችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ከእማ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። እማ ግን መሬት መሬት ታይ ነበር፤ መልስ የሰጠችው በጭንቅላቷ ብቻ ነው። ሙስተሚዓ ሆና ትገባለች ተባለ፤ አዳማጭ ማለት ነው። ወንበር ይኖረኛል፣ መዝገብ ላይ ስሜ አይኖርም። ክፍያውን ኡስታዝ ጨርሰዋል። ሐሙስ ትምህርት ይጀመራል። እማ "መርሲ ማዳም" አለች፤ ሃዲር አላለችም።

ውጪ ስንወጣ ልዘልል ነበር። ፊቷን አይቼ ተውኩት። መንገዱን ተሻግረን፣ ቫን ልንጠብቅ ግድግዳው ጥላ ሥር ስንቆም፣ እኔን ሳታይ፦

"እዚያች ሴትዮ ፊት ራቁቴን አቆምሽኝ" አለች።

"እማ፣ ገባሁ እኮ።"

"ገባሽ።"

የመጣውን ቫን በእጇ አስቆመች። ያ ቃል፣ የለንም የሚለው፣ ክፍላችን ውስጥ በራችንን ዘግተን ብቻ የምንናገረው ቃል ነበር። አምስቱም ሴቶች ለጎረቤት፣ ለሹፌር፣ ለማዳም፣ ለማንም አውጥተውት አያውቁም። እማ በዚህ አገር የራሷ የምትለው አንድ ነገር ቢኖራት እሱን መሸሸጓ ነበር፤ እኔ በአንድ ትንፋሽ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። እውነት ነው የተናገርኩት፤ ባልናገር ወንበሩ አይገኝም ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ እነግረዋለሁ። እፍረቱ ግን ክርክር አይሰማም፤ ማዛህር በሸተተኝ ቁጥር ይመጣል።

ሐሙስ ገባሁ። መምህሯ ስም ስትጠራ ከፊቴ ካለችው ልጅ ከኋላዬ ወዳለችው ዘለለች፤ አንገቴን ደፋሁ። ቅዳሜ ኡስታዝ ቤት እንግዳ አልነበረም። ኡስታዝ ነጭ ቡናቸውን ይዘው ወጥ ቤት ድረስ መጡና፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። "ስምንትን አላስተማርኩሽም" አሉኝ። "ጭብጨባው ሰባት ላይ ስለሆነ እዚያ አቆምኩ። የእኔ ጥፋት ነው።" እማ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን ታጥብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያናገረችኝ ብይ፣ ተኚ፣ ተነሺ ብቻ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። እማ መስኮቱ ሥር ያለውን ፍራሿን ጠቅልላ ወደ በሩ ወረደች፤ እኔ የእኔን ወደ መስኮቱ ጎተትኩ። በመካከላችን አራቱ ሴቶች አነጠፉ። ያ የማልወደው ሳምንት ነበር። ተቀምጬ ያችን ካርቶን አወጣሁ፤ ላለቅስ ስል ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ነው ያየሁት። ካርቶኑን ይዤ በፍራሾቹ ላይ እየተራመድኩ ወደ በሩ ሄድኩ።

"እማ፣ የስምንቱ መልስ ይኸው።"

"ነግረሻታል አይደል" አለች፣ ፍራሿን ሳትዘረጋ።

"ለአንቺ አልነገርኩሽም። አንቺ ሰባት ነሽ። ይኸው እዚህ ነበርሽ፣ በሩ ጋ።" ጣቴን አሳረፍኩበት። "ከዘጠኝ ጋር ስትደመሪ አሥራ ስድስት ሆነ። ስድስት ትቀሪያለሽ፣ አንድ በእጅ ይሄዳል።"

"ከእኔ ላይ?"

"ካንቺ ላይ። አምስት ጋ ሲደርስ አምስት ያው አምስት ትሆናለች። ስምንትም ያው ናት፣ ሁለትም፣ ፎዚያም። ማንም ምንም አልሆነም። ካንቺ ብቻ ነው የጎደለው።"

ፎዚያ ከፍራሿ ላይ ቀና ብላ ታዳምጥ ነበር። እማ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደች። ቁጥር ማንበብ ትችላለች፤ ስድስቱን በአውራ ጣቷ ነካችው።

"ያ አንድ ታዲያ የት ሄደ?"

በክፍሉ ጫፍ ያለውን፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ፍራሼን አሳየኋት። "ሁሉንም አልፎ እዚያ ደረሰ። ከእኔ ፊት ቆመ።" ቁጥሩ ላይም አሳየኋት፤ መጀመሪያ ያ አንድ፣ ከዚያ እኔ። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያልወጣልኝ ልቅሶ መጣ። "ጎደለብሽ፣ እማ" አልኳት። "እኔ ነኝ ያጎደልኩብሽ።"

እማ ወደ መስኮቱ አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። የቀዘቀዘው ትከሻዬ ላይ እጇን መለሰች።

"ይጉደል" አለች፤ ፍራሿንም በሩ ጋ ዘረጋች።